ሦስት ጊዜ የተሳበው ገመድ

አባቴ ፋኩንዶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ቆፍሯል። በካአሳፓ ዙሪያ ባሉት መንደሮች እሱ ያላወጣውን ውኃ የሚጠጣ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንና እህቴን ያሳደገን በዚያው ቀይ አፈር ነው። ንብረቱ አንዲት አሮጌ ፒካፕና እሷ የምትሸከመው ዕቃ ነበር፦ መዘውሩ፣ ገመዱ፣ ዲጂኖው፣ ዶማና አካፋው።

የመንደራችን ቅዱስ በሚከበርበት እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ግቢው ባዶ ነበር፤ ፒካፗ ከነዕቃዋ ተሰርቃለች። የግቢው በር አልተሰበረም። ጎረቤቶች ውሻው እንኳ አልጮኸም አሉ። አባቴ ፒካፗ ትቆምበት ወደነበረው፣ ዘይት ወዳጠቆረው መሬት ሄዶ ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆመ። ፖሊሶቹ መዝገባቸው ላይ ጽፈው አሰናበቱን።

ከዚያ በኋላ አባቴ ግቢያችን ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ያቀረብኩለትን ካሳቫ ለዶሮዎች ይበትናል። ሲመሽ ደግሞ ተነስቶ ሥራ ውሎ እንደመጣ ሰው እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፤ ጥፍሩን ሳይቀር ይፈትጋል። እጁ ላይ ምንም አፈር የለም። እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው።

ጅምር ሥራ ነበረው። የቤኒቴስ ቤተሰብ ጉድጓድ ስምንት ሜትር ላይ ቆሟል፤ ሰዎቹ ከወንዝ እየቀዱ ይጠጣሉ። እኔ የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ቤት ለቤት ወጣሁ። አንዱ የበሬ ጋሪውን አዋሰን፣ አናጢው መዘውር ሠራልን፣ ባለሱቋ አዲስ ገመድ ሰጠችን። የጉድጓድ መቆፈሪያ ግን በየቤቱ አይገኝም። የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ባለቤቱን በስም የጠራልኝ ግን አልነበረም።

ዶኛ ሴራፒያ መንደሩ መጨረሻ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው ሮምዋልዶ እንደ አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጉድጓድ ተንዶባቸው ሞቱ። መጀመሪያ ዕቃቸው ወጣ፤ እሳቸው የተገኙት በሦስተኛው ቀን ነው። አሮጊቷ የመጣሁበትን ተናግሬ ሳልጨርስ ጓዳ ገቡና በጆንያ የተጠቀለለ ዲጂኖ፣ ዶማና አካፋ እየጎተቱ አወጡ። ዲጂኖው ላይ ቅንጣት ዝገት የለም። ጓዳው ቀዝቃዛ ነበር፤ ብረቱን ስይዘው ግን ሰው አሁን እንዳስቀመጠው ሞቅ ይላል።

«ዘይት ይቀቡታል እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ ነክቼው አላውቅም» አሉኝ።

አባቴ ዕቃውን ሲያይ የማን እንደሆነ መንገር አላስፈለገኝም። ሮምዋልዶ ግራኝ ስለነበሩ እጀታው ለእሱ እጅ እንደማይመች ብቻ ነገረኝ። በማግስቱ ግን ቀድሞኝ ጋሪው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

እኔ ከላይ መዘውሩን አዞራለሁ፣ እሱ ገመዱ ጫፍ ላይ በታሰረችው ሳንቃ ተቀምጦ ይወርዳል። ገመዱ አንዴ ከተሳበ ባልዲው ሞልቷል፤ ሦስቴ ከተሳበ ሰው ይውጣ ነው። የቆፋሪ ሁሉ ምልክት ይኸው ነው።

በሁለተኛው ቀን ጎንበስ ብዬ ሳየው በግራ እጁ ይቆፍራል። ቀኝ ትከሻውን አሞት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ምሳ ላይ ማንኪያውንም በግራው ያዘ። እሱ ግን ልብ አላለውም።

በሦስተኛው ቀን ከጉድጓዱ ፉጨት ሰማሁ፤ ቀስ ያለ የፖልካ ዜማ ነው። አባቴ ጉድጓድ ውስጥ አያፏጭም፤ ሌላው ሲያፏጭም አይወድም። ሲወጣ ጠየቅሁት። ትክ ብሎ አየኝና «አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

ሥራው ይቅር ልለው አስቤ ነበር። ነገር ግን ፊቱ ተመልሷል፤ ይበላል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሲመሽ የሚታጠበው እጅ አፈር አለበት። እንደገና ማንጎው ሥር ላስቀምጠው አልፈለግሁም። በማግስቱም መዘውሩን ያዝኩ።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ቤኒቴሶች ወንዝ ወርደው ነበር። ነፋስ የለም። ወፎቹም ጸጥ ብለዋል። ገመዱ ሦስቴ ተሳበ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እርግጠኛ በሆነ እጅ። መዘውሩን ይዤ አዞርኩ። አባቴ ብቅ ሲል የውኃ ኮዳው በእጁ ነበር፤ ተቆጥቷል።

«ማን አውጪኝ አለሽ?»

«ሦስቴ ሳብክ እኮ፣ አባዬ።»

«ውኃ እየጠጣሁ ነበር። ገመዱን አልነካሁም።»

ከሳንቃው ወርዶ እግሩ ሣሩን እንደረገጠ መሬቱ ከሥራችን አቃሰተ። የጉድጓዱ ግድግዳ አንድ ጎኑ ተገምሶ ወረደ፣ ከዚያም ሌላው ተከተለው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደኋላ ሸሸን። ቀዩ አቧራ ከጉድጓዱ አፍ እንደ ጭስ ወጣ። የሮምዋልዶ ዕቃ በሙሉ ከናዳው ሥር ቀረ።

አቧራው እስኪሰክን ከታች የዲጂኖ ድምፅ ይሰማን ነበር፤ በዝግታ፣ እንደማይቸኩል ሰው። ሁለታችንም ሰምተናል። ከዚያ ቆመ።

ወደ ዶኛ ሴራፒያ ቤት በእግራችን ሄድን። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ስለ ዕቃው ይቅርታ ጠየቃቸው፤ የቀረውን እኔ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ስጨርስ ገመዱ ስንት ጊዜ እንደተሳበ ጠየቁኝ። ሦስቴ አልኳቸው።

«ያን ቀን መዘውሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሦስቴ ሲሳብ አይቻለሁ። ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዤ ነበርና ትንሽ ይጠብቅ አልኩ። ሰው ሁሉ ድንገት ተናደበት ብሎ አለቀሰልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ።»

 አባቴ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ።

«ዶኛ ሴራፒያ» አላቸው ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «ኒልዳ በእኔ ምክንያት ደንበኞቿን እያጣች ነው። ከላይ ገመዱን የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔን ታምናለህ?»

«ከእርስዎ የበለጠ ማን ያይልኛል?»

አሮጊቷ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ስንወጣ በየትኛው ቀን እንደሚጀመር ጠየቁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የመንደሩ ወንዶች አካፋቸውን ይዘው መጥተው ናዳውን አወጡልን፤ በዚህ ጊዜ አባቴ ግድግዳውን በጡብ እየደገፈ ወረደ። ዶማውና አካፋው ተገኙ፤ ዲጂኖው አልተገኘም፤ አባቴም አትፈልጉት አለ። አሥራ አንድ ሜትር ላይ ውኃ ወጣ።

የተሰረቀችው ፒካፕ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ከዝናቡ ወራት በኋላ አባቴ ከእሷ የባሰች አሮጌ ገዛ፤ አንዱ በሯ ሰማያዊ ነው፣ ሌላው ነጭ። ክብደቱን አሁን የሚስበው ኋላዋ ላይ የተገጠመው ዊንች ነው። የዶኛ ሴራፒያ ሥራ ገመዱን ማየት ነው።

ባለፈው ሐሙስ ምሳ ወሰድኩላቸው። ጉድጓዱ አፍ ላይ በርጩማ አድርገው፣ አንድ እጃቸውን ገመዱ ላይ ጭነው ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው ቀና አላሉም። ምግቡን አጠገባቸው አስቀምጬ ድምፅ ሳላሰማ ተመለስኩ።