የአማትና የአማች ሴፍቲ

ከፈለ ግራኝ መሆኑን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሜንቴናንስ በሚሠራበት ሆቴል መዶሻውም መፍቻውም የሚሰቀለው በግራ በኩል ነው፤ የሥራ ጓደኞቹማ ስሙን ትተው «ሌፍቲ» ነው የሚሉት። ይህን የማያውቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጃቸው አብርሽ ቤት የሚኖሩት አማቱ ጋሽ ልሳነወርቅ ናቸው።

ጥፋቱ የሚስቱ የባዩሽ ነው። አባቷ ግሪን ካርዳቸው ወጥቶ ከደብረ ማርቆስ ሊመጡ ሲሉ ባሏን ኩሽና ውስጥ ያዘችው።

«ስማኝ፣ አባዬ ፊት በግራህ እንዳትበላ።»

«ምነው?»

«ግራኝ ይፈራል። ልጅ ሆኖ ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮሁ አጠገቡ የቆመው ልጅ ግራኝ ኖሮ፣ ጅራፉ ባልጠበቀው በኩል መጥቶ ጆሮውን ገመሰው። እስከ ዛሬ ግራኝ ሰው ካየ እጁ ወደ ጆሮው ነው የሚሄደው።»

ከፈለ ሰላም ፈላጊ ሰው ነውና እሺ አለ። በቀኝ መብላቱን እንደምንም ቻለው። ያስቸገረው ማጉረሱ ነበር። አማት አጠገብ ተቀምጦ አለማጉረስ ነውር ነው፤ በማይታዘዝ እጅ ማጉረስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጉርሻው ሲሻው አገጫቸው ላይ፣ ሲሻው ጢማቸው ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ሸሚዛቸው ላይ ያርፋል። ጋሽ ልሳነወርቅ ጨዋ ናቸው፤ ምንም አይሉም። አንድ ቀን ብቻ ልጃቸውን ለብቻዋ ጠርተው «ባልሽን ዓይን ሐኪም አሳይው» አሏት።

አማትና አማች እንዲህ ሲኖሩ የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም። «ዛሬ ይበርዳል» ይላሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። «አዎ አባባ፣ ይበርዳል» ይላል ከፈለ። «ትናንትም በርዶ ነበር» ይላሉ። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ዕድሜያቸውን በወረዳ ዳኝነት፣ የመሬት ድንበር ሲያከራክሩ የኖሩ ሰው በአብርሽ አፓርታማ መስኮት መኪና ሲቆጥሩ ይውላሉ። ሲሰለቻቸው አውቶቡስ ይዘው ዊተን ገበያ ደርሰው ይመጡና መቁጠራቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ላይ አብርሽ ሳያስበው አመለጠው፤ «ከፈለ እኮ ጠብመንጃ አለው» አለ። እውነት ነው፤ የሆቴሉ ጓደኞቹ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ይዘውት ሄደው ልቡ ተሰርቆ፣ እሱም አንድ ገዝቶ ብረት ካዝና ውስጥ ቆልፎበታል። ጋሽ ልሳነወርቅ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አማቻቸውን ገና ዛሬ የተዋወቁት ይመስል ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ጠብመንጃ አለህ?»

«አለኝ አባባ። ወረቀት ላይ ነው የምተኩሰው።»

«እኔም አገር ቤት ምንሽር ነበረችኝ። ታዲያ እስከ ዛሬ ስለ ብርድ ነው የምታወራኝ?»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ተያይዘው መለማመጃው ሄዱ። ቀኑ ለሁለቱም መከራ ሆነ። ከፈለ ብቻውን ሲሆን በግራው ነው የሚተኩሰው፤ አማቱ ፊት ግን በቀኙ ተኮሰ፤ ወረቀቱን ከነመስቀያው ሳተው። ጋሽ ልሳነወርቅ ደግሞ ተራቸው ደርሶ ጠብመንጃውን በኩራት ትከሻቸው ላይ ደገኑና እዚያው ቀሩ። አይተኩሱም፣ አያወርዱም። ከፈለ ጠጋ ብሎ ሲያይ አውራ ጣታቸው ሴፍቲው ላይ፣ ያቺ ቃታውን የምትቆልፍ ትንሽ የብረት ምላስ ላይ ነው። ይገፋሉ፤ አትሄድም። ግንባራቸውን አላባቸው።

«ዝጓል» አሉ በመጨረሻ።

«ባለፈው ሳምንት ነው ዘይት የቀባሁት።»

«እንግዲያው ዘይቱ ነው የዛገው።»

ከፈለ ሴፍቲውን ከፈተላቸውና ተኮሱ። በመኪና ሲመለሱ ሁለቱም «ደስ ይላል» ተባባሉ፤ ሁለቱም ደስ አላላቸውም። የሜሪላንድን ድንበር ሲሻገሩ ጋሽ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጠብመንጃህ ደህና ናት። ሴፍቲዋ ግን ለአንተ አልተመቸችም። ሳይህ ነበር።»

«ለእርስዎም ጠጠር ያለች መሰለኝ።»

«ለእኔ? ለእኔ ምንም! ለአንተ ብዬ ነው። የሚለወጥ ከሆነ ለውጠው።»

ከፈለ በልቡ ፈነደቀ። የፋብሪካው ሴፍቲ ምላስ ያለው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ለቀኝ እጅ አውራ ጣት ተብሎ የተሠራ። እሱ በግራው ሲይዝ አውራ ጣቱ የሚያርፈው ምንም በሌለበት ጎን ነው፤ ለመክፈት በጠብመንጃው ላይ ዞሮ መነካካት አለበት። በሁለቱም ጎን ምላስ ያለው እንዳለ ያውቃል፤ መግዛት ካሰበ ቆይቷል። አሁን «ለአባባ ነው» ብሎ ሊገዛው ነው።

በሳምንቱ ከአሌክሳንድሪያ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ሱቅ ሄዱ። ባለቤቷ ሚስ ጆይስ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሸበቶ ሴት ናት። ከፈለ ጠብመንጃውን ከነማኅደሩ ሰጣትና የመጣበትን ነገራት። እሷም ባዶ መሆኑን አይታ ወደ ጎን አደረገችው፤ ከመደርደሪያ ሥር በርሜል የሌላቸው የማሳያ እጀታዎች አውጥታ ደረደረች። በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ሴፍቲ ተገጥሟል፤ ረጅም አለ፣ አጭር አለ፣ ጥርስ የወጣለት አለ፣ እንደ ሳሙና የለሰለሰ አለ።

ጋሽ ልሳነወርቅ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው አንድ በአንድ መረመሩ። ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አዳመጡ። አንዱ ድምፅ የለውም ብለው ገፉት፤ «ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ነው» አሉ። ሌላውን ጥርሱ ወጣ ብለው ጣሉት። ረጅሙ ምላስ ላይ ሲደርሱ ግን አውራ ጣታቸው ገፋ ቢያደርገው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ፊታቸው በራ።

«ይኼ ይሁን! ለአንተ ይመችሃል።»

ከፈለ ቸኮለና አጠገቡ ያለውን አነሣ። «ይኼኛውስ አባባ? በሁለቱም ጎን ምላስ አለው።»

«ሁለት ምላስ? ሁለት ምላስ ያለው ሰውም አይወደድ፣ እንኳን ጠብመንጃ።»

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«እኔም ለአንተ ብዬ ነው።»

ሚስ ጆይስ ቋንቋውን ባትሰማም ዓይን አላት። መነጽሯን አደረገችና ለከፈለ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለችው፤ «የኔ ልጅ፣ አንተ ግራኝ ነህ፤ ሁሉንም ያነሣኸው በግራህ ነው። አባትህ ደግሞ አውራ ጣታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። ለምን አትነጋገሩም?»

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ አለች።»

«ያን ሁሉ አውርታ?»

«ትሑት ናት።»

ሚስ ጆይስ ነገሩ እንዳልተላለፈ ገባት። ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ ከፈለን በጣቷ እያሳየች፣ ጮክ አድርጋ፣ ቃሉን እየጎተተች፣ «ሂ! ኢዝ! ሌፍት!» አለች።

ጋሽ ልሳነወርቅ የጣቷን አቅጣጫ በዓይናቸው ተከተሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አማቻቸው ዞሩ።

«ሌፍት አለች።»

«እ... ሊሆን ይችላል።»

«መኪናህ ውስጥ ያለችው ሴትዮ መንገዱን ሙሉ ‹ተርን ሌፍት፣ ተርን ሌፍት› ስትል ወዴት እንደምትታጠፍ አላየሁም መሰለህ? ሌፍት ግራ ነው። ግራኝ ነህ?»

ከፈለ በግራው የያዘውን እጀታ አስቀመጠ። «አዎ አባባ» አለ።

የሽማግሌው እጅ ወደ ተገመሰው ጆሯቸው ሄደ። እዚያው ላይ ጥቂት ቆየና ወረደ።

«ታዲያ ስታጎርሰኝ የኖርከው በቀኝህ ነው?»

«አዎ።»

«በማትችልበት እጅ?»

«አዎ።»

«እኔን! ስንት ሸሚዝ አጠፋህብኝ!» አሉና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር። ሳይወድ የሚያጎርስ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል ይባላል። የአንተ እጅ እኔ ጋ ሲደርስ ይርዳል። ‹ይህ ልጅ ምን አደረግሁት?› እያልኩ ስንት ቀን አሰብኩ መሰለህ።»

ከፈለ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አልጠበቀም። አፉ ላይ የመጣለትን፣ «ባዩሽ ናት እኮ ደብቅ ያለችኝ» ሊል ሲል ግን ትዳሩን አሰበና ዋጠው። በምትኩ «የእርስዎስ ጣት?» አለ።

«የእኔ ጣት ምን ሆነ?»

«ሚስ ጆይስ ያማቸዋል ብላለች።»

«እንኳን ደህና መጣችሁ ያልከኝ ይኼን ነው?»

«ይኼን ነው።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ሳቅ አመለጣቸው። «ሪህ ነው» አሉ አውራ ጣታቸውን እያሹ። «ብርድ ሲሆን አልታዘዝም ይላል። አብርሽ እንዳይሰማ፤ ሐኪም ቤት ያመላልሰኛል።»

ምስጢሩ ወጥቶ ሁለቱም ቀለል ሲላቸው እውነተኛው ችግር መጣ። ባለ ሁለት ምላሱ ላይ ረጅሙን ምላስ ቢያስገጥሙ፣ በግራ ጎን ያለው ረጅም ምላስ ለሽማግሌው አውራ ጣት ገነት ነው፤ ከፈለ በግራው ሲይዝ ግን ያው ምላስ ሌባ ጣቱን ይወጋዋል። ረጅሙን በቀኝ ጎን ቢያደርጉት ከፈለ ይመቸዋል፤ የጋሽ ልሳነወርቅን ሌባ ጣት ግን ይወጋል። እየተቀባበሉ ሞከሩ። የአንዱ ምቾት የሌላው እሾህ ሆነ።

የድንበር ክርክር ሲያዩ የዳኛው ደም ተነሣ። ጋሽ ልሳነወርቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ክርክርህን አሰማ።»

«አባባ፣ ጠብመንጃው የእኔ ነው። ቢያንስ በእኔ በኩል ያለው ምላስ ይርዘም።»

«ተመዝግቧል። መልስ ሰጪ ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ ጣቱም ታማሚ ነው። ስለዚህ በግራው ጎን ረጅሙ፣ በቀኙ ጎን አጭሩ እንዲሆን ተወስኗል።»

«መልስ ሰጪውም ዳኛውም እርስዎ ነዎት እኮ!»

«ቅር ካለህ ይግባኝ በል።»

«ለማን?»

«ለእኔው።»

ሚስ ጆይስ ትርጉም ጠየቀች፤ ከፈለ በዚህ ጊዜ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሴትዮዋ እስክታነባ ሳቀችና ከጓዳ አንድ ትንሽ ፓኬት ይዛ መጣች። ይኼኛው ሴፍቲ እንደ ሌሎቹ ሩብ ዙር አይዞርም፤ የዚያን ግማሽ ብቻ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። ጣት ሩቅ ካልሄደ ምላሱ መርዘም አያስፈልገውም። በሁለቱም ጎን መካከለኛ፣ ጠርዙ የለዘበ ምላስ አደረገችበት። ጋሽ ልሳነወርቅ ሞከሩ፤ ቀጭ። ከፈለ በግራው ሞከረ፤ ቀጭ። የማንም ሌባ ጣት አልተወጋም።

«ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ ኮፍያቸውን እየደፉ። «ወጪና ኪሳራ በአመልካች።»

ሚስ ጆይስ እዚያው ጠብመንጃው ላይ ገጠመችላቸው፤ እነሱም በዚያው ወደ መለማመጃው አለፉ። ከፈለ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቱ ፊት በግራው ደገነ። ጋሽ ልሳነወርቅ የጆሮ መድፈኛ አድርገው፣ በላዩ ላይ መዳፋቸውን ጨምረው፣ ልምድ ነውና ወደ ማዶ ራቅ ብለው ቆሙ። ከፈለ ተኩሶ ወረቀቱ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ መሐሉን ከበው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ብርሃን ላይ ይዘው አዩት።

«ዓይንህ ደኅና ነው ለካ» አሉ።

የእሳቸው ተራ ሲደርስ አውራ ጣታቸው ሳታንገራግር ሴፍቲውን ገፋችው። ካነጣጠሩት ግማሹ ወረቀቱ ላይ አረፈ፤ ግማሹ የት እንደሄደ አንዱም አልጠየቀ።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመለሱ ጋሽ ልሳነወርቅ ስልኩን ስፒከር ላይ አስደርገው ባዩሽን ኮል አስደረጉ።

«ልጄ፣ ቁጭ ብለሻል?»

«ምነው አባዬ? ማን ተመታ?»

«ማንም አልተመታም። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እንዳትደነግጪ። ባልሽ ግራኝ ነው።»

 ከፈለ መሪውን ጨብጦ ምን እንደምትል ጠበቀ።

«እ... ከፈለ? የእኔ ከፈለ?»

«አታውቂም ነበር?»

«ኧረ በምን አውቄ! ደብቆኝ ነዋ አባዬ!»

ከፈለ ስልኩን ገላመጠው። 

«አይዞሽ» አሉ አባት። «ሰው ሆኖ እንከን የሌለው የለም። የሰው ባል ይጠጣል፣ ይማታል። ይኼ በግራው ቢበላ ምን ይደረግ። ደግሞ ኢላማው ጥሩ ነው።»

«እሺ አባዬ» አለች ባዩሽ፤ ድምፅዋ የታፈነው በለቅሶ ይሁን በሳቅ ባሏ ያውቃል። «እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ እችለዋለሁ።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ስልኩን ዘግተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደንግጣለች» አሉ። «ባዶ እጅህን እንዳትገባ። አበባ ግዛላት።»

ከፈለ «እሺ አባባ» አለ። እሳቸውን አብርሽ ቤት ካደረሰ በኋላ መንገዱ ዳር ካለው ግሮሰሪ ገባና ሚስቱ ራሷ ለፈጠረችው ምስጢር ይቅርታ መጠየቂያ የሚሆን፣ ደህና ትልቅ እቅፍ አበባ መረጠ።