ከቀኝ የተጠረዘው መጽሐፍ

ባሌ ሷሊሕ ኪታብ ጠራዥ ነበር። ከማጀቴ እስከ ካራቆሬ ቁርኣኑ የተገነጠለበት ሰው ሁሉ ሮቢት መጥቶ የኛን በር ነው የሚያንኳኳው። እሱ ቆዳውን ያለፋል፣ እኔ በወስፌ እየበሳሁ እሰፋለሁ። ልጅ አላህ አልሰጠንም፤ ሁለታችን ነበርን፣ ይበቃንም ነበር። ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት «ለአርበኛ ስንቅ ታቀብላላችሁ» ብሎ ወንዶቹን ከገበያ መሀል ለቃቅሞ በካሚዮን ጫናቸው። ከባሕሩ ጠረፍ ወዳለው እስር ቤት ነው አሉ። ሷሊሕ የያዘውን የፍየል ቆዳ ከላይ ወርውሮልኝ «መሊካ፣ አድርቂው፣ እንዳይበላሽ!» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው። ስለ ቆዳ! ሰው እንዲያ ባለ ሰዓት ሌላ ነገር አይናገርም?

ቆዳውን አደረቅሁት። ሰዉ ግን ቀስ በቀስ ከበሬ ራቀ። የታሳሪ ሚስት ቤት መግባት ያስጠረጥራላ! ከጎረቤት እሳት ልጫር ስሄድ እንኳ በር ላይ አቀብለው ይመልሱኝ ጀመር። ወላሂ፣ የገዛ ድምፄ እስኪናፍቀኝ ድረስ ዝም ብዬ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው።

በዚህ መሀል ከመንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ ሲኞር ቱልዮ የሚባል የመጋዘን ኃላፊ፣ አስተርጓሚውን በቀለን አስከትሎ መጣ። ብብቱ ሥር ስስ ስስ ደብተሮች ይዟል።

«እትዬ መሊካ» አለኝ በቀለ፣ «የዓለም ነገር ሁሉ ያለበት መጽሐፍ ነው። ይጥረዙልኝ ይላል።»

ዛሬ ኢንሳይክሎፒዲያ የምትሉት ነው። ቱልዮ ደግሞ የመጽሐፉን ታሪክ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። መጀመሪያ ያሳተመው ሽማግሌ በወፋፍራም ጥራዝ፣ በወርቅ ቀለም አሳምሮ አወጣው አሉ። ከሀብታም በቀር የገዛው የለም፤ ሽማግሌውም ከስሮ ሞተ። ልጁ ግን ብልጥ ነው። መጽሐፉን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደበና በየሳምንቱ አንድ ስስ ደብተር እያደረገ ቸረቸረው። ያኔ ልብስ ሰፊውም ገዛ፣ ባቡር ነጂውም ገዛ። የቱልዮ እናትም ገዛች፤ ልጇ ወደኛ አገር ሲዘምት በመርከብ ትልክለት ጀመር። ሴትዮዋ መጻፍ አታውቅም። ለልጇ ደብዳቤዋ ያ ደብተር ነው።

«ገንዘብህን አልፈልግም» አልኩት። «ባሌን አስፈታልኝ።»

አንገቱን አከከ። ደብረ ብርሃን ያለው አለቃው መጽሐፍ የሚወድ ሰው መሆኑን ነገረኝ።

«ታዲያስ! ሹም ዘንድ ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ? መጽሐፉ ሲያልቅ እጅ መንሻ አድርገህ ውሰድለትና ሷሊሕን ለምንልኝ። እስከዚያ የት እንዳለ አጠያይቅልኝ።»

እሺ አለ። እኔም የመጀመሪያውን ጥራዝ በዚያው በሷሊሕ ቆዳ ለበጥኩት። ለማን ላስቀምጠው? ባሌን የሚያስፈታው መጽሐፉ ነው።

ቱልዮ ጥራዙን ሊወስድ የመጣ ቀን ፊቱ ጠቁሯል፤ በቀለ ደግሞ መሬት መሬት ያያል። ወባ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቆላችን ለነሱ አይመችም። መጽሐፉን ሰጠሁት፣ ከፈተው፣ ገለጠው፣ እንደገና ዘጋው። ለካ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ኪታብ ነው፤ ኪታብ ደግሞ ከቀኝ ይከፈታል። የመጀመሪያውን ደብተር ከኋላ፣ የመጨረሻውን ከፊት አድርጌ ሰፍቼዋለሁ። ቱልዮ ጀመረው፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በቀለ ተከተለው። እኔም ተናድጄ «ምን ያስቃል? የናንተ ነው የተገለበጠው!» ስል ሳቄ አመለጠኝ። ሷሊሕ ከሄደ ወዲህ ስስቅ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ቱልዮ ዓይኑን ጠራርጎ መጽሐፉን መለሰልኝና ሄደ። ፈትቼ በነሱ ወግ አቃናሁት።

ከዚያ ወዲያ ደብተር በመጣ ቁጥር በቀለን አስከትሎ ራሱ ያመጣል፤ ግቢዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሥዕሉን ያሳየኛል። «ሷሊሕስ?» እለዋለሁ። «መጽሐፉ ይለቅ» ይለኛል። ሌላ የሚገባበት ቤት አልነበረውም፤ እኔም ሌላ የሚመጣልኝ ሰው አልነበረኝም። መጽሐፉ ወፈረ፣ ጥራዝ በጥራዝ ላይ ተደራረበ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጣልያን ከእንግሊዝ ተጣላና ባሕሩ ተዘጋ። ደብተሩም ቀረ።

«እንግዲህ ጎደሎውን ውሰድለት» አልኩት።

«ሙሉ ሳይሆን?» ይለኛል። ሌላ ጊዜም ስለው ያው። በስተመጨረሻ ደሜ ፈላ።

«አንተ ካፈርክ እኔ እሄዳለሁ!» ብዬ ጥራዞቹን አህያ ላይ ጫንኩና የደብረ ብርሃንን መንገድ ተያያዝኩት። ከከተማው ብዙም ሳልርቅ ቱልዮ በሩጫ ደርሶ የአህያዋን አንገት አቀፈ። በቀለ ከኋላው እያለከለከ ደረሰ። ቱልዮ ሲናገር በቀለ አልተረጎመውም፤ ኩታውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ተናገር እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ጋሼ ሷሊሕ ሞተዋል፣ እትዬ። እስር ቤት በገቡ በዓመቱ፣ በተስቦ። ያን ቀን የመጣነው ልንነግርዎት ነበር። የተገለበጠውን መጽሐፍ አይተን ሳቅን... እርስዎም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ማን ይናገረው?»

አፈር ልብላ! በባሌ መርዶ ላይ ነው ለካ የሳቅሁት። ቱልዮን ልመታው ድንጋይ አነሳሁ፤ አልሸሸኝም። ድንጋዩን ጣልኩት፣ አህያዬን መለስኩ።

ሼህ አደም ዘንድ ሄጄ ዒዳዬን ልቀመጥ አልኳቸው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤቷ የምትከተትበትን ጊዜ። በሐዘን አዩኝ።

«ልጄ፣ ዒዳ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው፤ መርዶው ከተሰማበት አይደለም። ያንቺ አልቋል።»

አልቋል! ሙጫ ሳፈላ፣ ክር ሳከር፣ ከጣልያን ጋር ሥዕል ሳይ ጨርሼዋለሁ። ለሷሊሕ አንድ ቀን እንኳ በወጉ አልተቀመጥኩለትም። ሴቶቹ መጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ተበተኑ። ለቆየ ሞት ማን ያድራል?

ቱልዮ ሁለተኛ አልመጣም፤ መጽሐፉንም አላስጠየቀኝም። የሷሊሕ ቆዳ ያለበትን ጥራዝ አወጣሁና ክሩን ፈታሁት። እንደገና ከቀኝ ጠረዝኩት። አሁን የሚስቅብኝም ሰው የለም።