አበልጅ ያወጣለት ስም

አንዷለም ወረታ ከተማ ውስጥ የውሃ ሞተር ይጠግናል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፍለጋ ከደጁ ርቆ አያውቅም ነበር። ጥምቀት አልፎ የፎገራ ሜዳ ሽንኩርት ውሃ ሲጠማው፣ ገበሬው የታመመች ሞተሩን በባጃጅም በጋሪም ጭኖ ይመጣለታል። ብዙዎቹን የሚልክለት ደግሞ ሰማኸኝ ነበር። ሰማኸኝ ከአስፋልቱ ማዶ የመለዋወጫ ሱቅ አለው፤ የአንዷለምን ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነው። ዕቃ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ፣ «ማዶ አበልጄ ዘንድ ሂዱ፤ እጁ መድኃኒት ነው» እያለ ይሰድለት ነበር።

ዘንድሮ ግን ጥምቀት አለፈ፣ የካቲት ገባ፣ ሰው ጠፋ። አንዷለም መፍቻዎቹን እየወለወለ መንገድ መንገዱን ሲያይ ይውላል። መጀመሪያ ማስታወቂያውን በቀይ ቀለም አስጽፎ ሰቀለ። ቀጥሎ ስልክ ቁጥሩን በወረቀት አባዝቶ በየሻይ ቤቱ ለጠፈ። የደወለለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ተሳስቶ።

ሲጨንቀው አበልጁን አማከረ።

«ሰዉ አዲስ ሞተር መግዛት ለምዷል፣ ምን ታደርገዋለህ» አለው ሰማኸኝ፣ ትከሻውን እየደባበሰ። «እዚህ ቁጭ ብለህ ከምትጠብቅ ከፎገራ ወጣ ብለህ ወደ ሐሙሲትና ወደ አንበሳሜ ብቅ በል። እዚያ አያውቁህም፤ ሄደህ ተዋወቃቸው።»

አንዷለም አመስግኖት የመፍቻ ሳጥኑን አንግቶ ሳምንት ሙሉ ዞረ። አንበሳሜ አንዲት የወፍጮ ሞተር አገኘ፤ ከዚያ ውጭ ባዶ። ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ወረታ ሲመለስ፣ ጉማራ ድልድይ አካባቢ አንዲት የውሃ ሞተር ስትንተፋተፍ ሰማ። ትነሣና ትጠፋለች፤ ትነሣና ትጠፋለች። መኪናውን አስቁሞ ወረደ።

ማሳው የእትዬ ዙፋን ነበር። ስልሳን ያለፉ፣ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በአካፋ ቦይ የሚጠርጉ ሴት ናቸው።

«እንደምን ዋሉ እትዬ? ሞተሯ ታማለች መሰል። ጠጋኝ ነኝ፤ ልይልዎት?»

«እግዜር ይመስገን። ከየት ነህ ልጄ?»

«ከወረታ። አንዷለም እባላለሁ።»

ሴትዮዋ አካፋቸውን እንደያዙ በእሱና በሞተሯ መካከል ገቡ።

«አንተ ነህ ጤነኛ ፒስተን እያወጣህ አሮጌ የምትከተው?»

«ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«ሰማኸኝ ነዋ! የገዛ አበልጅህ። ዕቃ ልገዛ ብሄድ፣ ‹አበልጄ ስለሆነ ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን የእርስዎን ድካም አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም› አለኝ። ጠላትህ ቢያወራው ማን ይሰማው ነበር? ጎረቤቴ ደሞዝም ይህንኑ ሰምቶ አይደል አሮጌ ሞተሩን ጥሎ ከሱ አዲስ የገዛው።»

አንዷለም ሳጥኑን አውርዶ ቦዩ ዳር ቁጭ አለ። ወደ ሐሙሲት የሸኘው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው። በፎገራ ቀበሌዎች ቢዞር ኖሮ ወሬውን በመጀመሪያው ቀን ይሰማው ነበር።

«እዚሁ ፊትዎ ልፍታት» አለ። «ጎረቤትዎም ይጠራ። የወጣውን ብሎን ሁሉ እርስዎ ይያዙት።»

ደሞዝ ተጠራ። እትዬ ዙፋን የማዳበሪያ ከረጢት አነጠፉ። አንዷለም ፈታ፤ ነዳጅ የሚያልፍበት ካርቡረተሯ በቆሻሻ ተደፍኗል። አጠበ፣ ነፋ፣ መልሶ ገጠመ። ገመዱን ሲስበው ባንዴ ተነሣች፤ ውሃው ቦዩን ሞልቶ ወደ ሽንኩርቱ ወረደ።

ደሞዝ ውሃውንም አንዷለምንም አየ። «ያች የጣልኋትም በሽታዋ ይኸው ኖሯል» አለ።

አንዷለም ከዚያ በቀጥታ ሰማኸኝ ሱቅ ሄደ።

«ምን በድዬህ ነው ስሜን ያጠፋኸው?»

ሰማኸኝ አልካደም። «ዘንድሮ ልሸጥ ያመጣኋቸው አዳዲስ ሞተሮች መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣሉ። አንተ ያዳንሃት አሮጌ ሁሉ እኔ ያልሸጥኋት አዲስ ናት።»

«ብትነግረኝስ?»

«ብነግርህ ሥራህን ልትተው ነው?»

«ልጄን ታቅፈህ ቤተ ክርስቲያን የቆምህ ሰው ነህ እኮ!»

«እሱና ንግድ ምን አገናኘው?» አለና፣ ደንበኛ ገብቶ ነበርና ወደዚያ ዞረ።

የአንዷለም ሚስት ፍሬህይወት ነገሩን ስትሰማ፣ «ሽማግሌ ላክበት» አለችው።

«ሽማግሌ ታረቁ ነው የሚለን» አላት። «እኔ ደግሞ መታረቅ አልፈልግም።»

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ይዞ ከማሳ ማሳ ይዞራል፤ ከረጢት አስነጥፎ ባለቤቱ ፊት ይፈታል። እትዬ ዙፋንና ደሞዝ በጉማራ ዳር ላለው ሰው ሁሉ ነግረውለታል። በርብ ወንዝ በኩል ግን ስሙን ሲሰሙ ዛሬም ሞተራቸውን ወደ ቤት የሚያስገቡ አሉ።

በቀደም ዘመነ የሚባል ገበሬ፣ «ካንዴላዋ ተቃጥላለች ካልህ፣ ደህናውን ከየት ልግዛ?» ሲል ጠየቀው።

አንዷለም ብሎኑን እያጠበቀ ሰማው። ወረታ ውስጥ ደህናውን የሚያመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ከሰማኸኝ ሱቅ» አለ። «ዕቃው ጥሩ ነው።»

ይህን ሲል ቀና ብሎ ሰውየውን ማየት አልቻለም፤ የጠበቀውን ብሎን እንደገና ያጠብቅ ጀመር።