ለትሪ ያስቸገረ ቁጥር

ከድሮ የሚባለው አባቴ እጃጂ ከተማ ላስቲክና ምንጣፍ በሜትር ይሸጣል፤ በልክ ነገር ቀልድ አያውቅም። እኔ ልጁ ነዒማ ደግሞ አምቦ ሒሳብ አስተምራለሁ። እኛ ጋ በሠርግ የሚበላው ትልቅ ትሪ ከቦ ስለሆነ፣ ሰዉን በየትሪው የማከፋፈሉ ሥራ እኔው ሙሽራይቱ ላይ ወደቀ። እጇን ሂና ተቀብታ የምታካፍል ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነገሩ የመጣው ከእህቴ ከቀድሪያ ሠርግ ነው። ያኔ ሌላው ሰው ስምንት ስምንት ሆኖ ሲቀመጥ፣ አክስቴ ሂዳያ ትሪ ላይ አሥራ ሦስት ሰው ተጣበበ። "ወንድሜ እንደ ትርፍ ሰው ቆጠረኝ" ብላ ከምትኖርበት ከሸነን ወደ እኛ ዝር ሳትል ሦስት ዓመት ሆናት። አባቴ ሽማግሌም ማርም ላከ። ማሩን ተቀብላ ሽማግሌዎቹን መለሰች።

ስለዚህ በኔ ሠርግ ትሪው ሁሉ እኩል ሰው እንዲኖረው ወላሂ ብሎ ማለ። እንግዳው አንድ ሺህ ስምንት ነበር፤ በስምንትም በዘጠኝም ልክ የሚካፈል፣ ደስ የሚል ቁጥር። በዋዜማው ሂዳያ ደወለች። "እመጣለሁ" አለችና ዘጋችው። አባቴ በደስታ አለቀሰ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መሆናቸው የገባው ዓይኑን ከጠረገ በኋላ ነው።

"በስምንት አካፍይው" አለኝ።

"አንድ ይተርፋል፣ አባ።"

"በሰባትስ?"

"አንድ።"

"በስድስት? በዘጠኝ?"

"አሁንም አንድ።"

"ያቺ አንዷ ሂዳያ ናት" አለ። ፊቱ ጠቆረ።

"አንድ ሰው እንጨምርና አሥር አሥር ይሁኑ" አልኩት።

"ዛሬ የሚጠራ ሰው 'ለማሟያ ፈለጉኝ' ብሎ ያኮርፋል። አንዱን ኩርፊያ ሳልፈታ ሌላ ልግዛ?"

አንጀቴን በላው። ተማሪዎቼን የማሰለችበትን ነገር ለሱም ነገርኩት፦ አንድ ሺህ ዘጠኝ ፕራይም ነው፤ በየትም ብትመጣበት እኩል አይከፈልም። "ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚቀበለው" አልኩት። "ወይ እያንዳንዱ ለብቻው ትሪ ይያዝ፣ ወይ ሁሉም ባንድ ትሪ ይብላ።"

ለቀልድ ነበር ያልኩት። እሱ ግን ዞር ብሎ ሱቁን አየ። ሱቁ እስከ ጣሪያው የላስቲክ ጥቅል ነው።

በማግስቱ ጎረቤታችን ኦቦ ኢዶሳ ጤፉ የታጨደበትን ማሳቸውን ሰጡን። "ራኮ ሂንቀቡ፣ ከድሮ፣ ችግር የለም፤ ዘርጋው" አሉት። አባቴ ላስቲኩን ጫፍ ለጫፍ እየቀጠለ ዘረጋው። ሴቱ በወዲህ፣ ወንዱ በወዲያ ተቀመጠ። ሩዙና ሥጋው እንደ አንድ ትሪ ላስቲኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተደረደረ።

ሂዳያ መጣች። ቆማ፣ "የኔ ትሪ ላይ ስንት ሰው ነው?" ብላ አባቴን ጠየቀችው።

"አንድ ሺህ ዘጠኝ" አላት።

እስከ ማሳው ጫፍ ድረስ አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

"ለአሥራ ሦስት ሰው ነው እንዴ ሦስት ዓመት ያኮረፍኩት?" አለችና ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ጎኗ ያለችውን ሴት ነካ አደረገቻት። "ጠጋ በይ እስቲ፣ ሌላም ሰው ይግባ።"