ለማዳመጥ አሥራ ስምንት፣ ለመደነስ ሃያ ሁለት

ቤታችን ውስጥ አርባ ሸክላዎች አሉ። ለማዳመጥ አሥራ ስምንት፣ ለመደነስ ሃያ ሁለት። የከፋፈልኳቸው እኔ ነኝ። አናጢ ስለሆንኩ የሚቀመጡበትን ሣጥንም የሠራሁት እኔው ነኝ። ሁሉም ጃዝና ስዊንግ ናቸው፤ ሌላ ሙዚቃ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። ሽፋናቸው ላይ የተጻፈውን የውጭ ቋንቋ ሁለታችንም ስለማናነበው ስም ያወጣችላቸው ሚስቴ ናት። ክላርኔቱ እየተንጠራራ ሽቅብ የሚወጣበት "ደረጃው" ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ አንዲት ቁልፍ ይዞ አልለቅም የሚልበት "ነዝናዛው" ይባላል፤ ባሌን ነው የሚመስለው ትላለች። ሁለቱም ከማዳመጫዎቹ ናቸው።

ከሁሉም የምትወደው ግን ከመደነሻዎቹ አንዱን፣ "ተነሱ" ያለችውን ነው። አሥራ ምናምን ነፋፊዎች አንድ ላይ ሲፈነዱ፣ ከሥር ደግሞ ባሱ ዱብ ዱብ ሲል፣ እግር ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ሊሰማው አይችልም። ሚስቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ ሰምታዋለች። ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

የሳሎናችን ወለል ጣውላ ነው፤ ልጃችን በተወለደች ዓመት በገዛ እጄ የሠራሁት። ጣውላውን ከሥር የሚሸከሙት አግዳሚዎች በየክንዱ መቀመጥ ነበረባቸው። ልኬቱን ተሳስቼ ኖሮ እንጨቱ አነሰኝ፣ እኔም "ማን ያየዋል" ብዬ አራርቄ ደረደርኳቸው። ላዩ ሲታይ መስታወት ነው። ሰው ሲሄድበት ግን ይነጥራል፣ ላዩ ላይ የቆመው ዕቃ ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

የሸክላ ማጫወቻው ቤታችን በገባ ሳምንት ሚስቴ "ተነሱ"ን አስገብታ ሁለት ጊዜ ዞር እንዳለች መርፌው ዘለለና ሸክላውን ጫረው። ሌላ ሰው ቢሆን "ወለሉ ነው" ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ፣ ሰፈርተኛው ወለል ባስቸገረው ቁጥር የሚጠራኝ ሰውዬ፣ ምን ቆርጦኝ!

"እግርሽ ከባድ ነው" አልኳት።

ያኔ ነፋስ የሚወስዳት ከሲታ ነበረች። ጎንበስ ብላ እግሯን አየችና "እውነትህን ነው?" አለችኝ።

"እውነቴን ነው እንጂ! ሸክላውን አታዪውም?"

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ዳንስ ቀረ። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ያለው ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ክፍል፣ ሲሚንቶ ላይ ነው። የመደነሻዎቹን ሸክላዎች ሳጫውት ፔዳሉን በከበሮው ልክ ስትረግጥ በበሩ ሽንቁር አያት ነበር። አንዳንዴ ትራምፔቶቹ ሲጣደፉ እሷም ትጣደፍና የደንበኛዋ ቀሚስ ጠርዝ ተጣሞ ይወጣል። ለራሷ እየሳቀች ትፈታዋለች። እኔ ሸክላውን እገለብጣለሁ።

ስኳር ከያዛት ስምንት ዓመት ሆናት። ዘንድሮ ቀኝ ተረከዟ ላይ ቁስል ወጣና አልድን አለ፤ እግሯም እየጠቆረ ሄደ። ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገና ነገራት።

"እናቴ፣ ሐሙስ ጠዋት ከጉልበት በታች እንቆርጠዋለን። ከዚያ በላይ ከቆየን ሕይወትዎን ነው የምናጣው።"

"በሰው ሠራሽ እግር የስፌት መኪና መርገጥ ይቻላል?" አለችው።

"በልምምድ ይቻላል።"

"ዳንስስ?" አልኩ እኔ።

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሚስቴ ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

ሌሊቱን ሁሉ አንድ ሐሳብ ብቻ ሲመላለስብኝ አደረ። በሁለት እግሯ ቆማ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከእኔ ጋር ትደንስ። ሐሙስ ሳይመጣ።

ረቡዕ ጠዋት ልጃችን ለደም ምርመራ ይዛት ስትወጣ ጠብቄ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ መታሁ። አንድ ጣውላ፣ ሁለት ማዕዘን ብረት፣ ስምንት ብሎን። ማጫወቻውን ግድግዳው ከተሸከመው ወለሉ እንደፈለገ ይንጠር፣ መርፌው ምን አገባው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ሳታስበው ቀረህ ወይ ብትሉኝ፣ ኧረ አስቤዋለሁ። ግን መደርደሪያውን ከመታሁ ለምን እንደመታሁት ልናገር ነው። ብሎኑን አጥብቄ እንደጨረስኩ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጃችን በር ላይ አድርሳት ተመለሰች። ሚስቴ በከዘራዋ እየተደገፈች ገብታ ግድግዳውን አየችው።

"ደግሞ ምን ልትሰቅል ነው?"

"'ተነሱ'ን ላስገባልሽ ነው። እንደንሳለን።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ? መርፌው ይዘላል።"

"አይዘልም። እዪ!"

ማጫወቻውን መደርደሪያው ላይ አውጥቼ፣ ሸክላውን አስገብቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ቦርጬ፣ ሳሎኑ መሐል ዘለልኩ። ጣውላው ተንቋቋ፣ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ ትራምፔቶቹ ግን ወይ ፍንክች። ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ከዚያ ሳቋ እየቀዘቀዘ ሄደ።

"እና እስከዛሬ ምን ሆኖ ነበር የሚዘልለው?"

"ወለሉ ነው።"

"ወለሉን አንተ አይደለህ የሠራኸው?"

"እኔ ነኝ። እንጨት አንሶኝ አግዳሚውን አራርቄው ነበር።"

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ያኔውኑ።"

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ምናለ በጮኸችብኝ! ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ቀስ ብላ ተናገረች።

"ልጃችን የተዳረች ቀን እናት ትነሳ ብለው እጄን ሲጎትቱኝ ትዝ ይልሃል?"

"ደክሞኛል አልሽ።"

"አልደከመኝም። እግሬ ከባድ ስለሆነ ልጄን በሰው ፊት አሳፍራታለሁ ብዬ ነው።"

እንደምንም "ይቅር በይኝ" አልኩ። "እሺ" አለች። ይቅር ማለቷ ይሁን ዝም በል ማለቷ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። ሐኪሙ በእግሯ አትቁም ብሎ ነበርና ፈራሁ።

"ነገ ለሚሄድ እግር ምን አስጨነቀህ" አለችኝ።

መርፌውን ከመጀመሪያው መለስኩት። አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች፣ ወገቧን ያዝኩ፣ ነፋፊዎቹ ፈነዱ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ምቱን አንዴም አልሳተችውም። ከሥራችን ግን ምንም ድምፅ አይሰማም። ጣውላው አይንቋቋም፣ ብርጭቆዎቹም ጸጥ ብለዋል።

"እርገጪ እንጂ" አልኳት።

"እየረገጥኩ ነው።"

ቁልቁል አየሁ። በጣቶቿ ጫፍ ነበር የምትሄደው፣ ሕፃን የተኛበትን በር ቀስ ብላ እንደምታልፍ እናት። የቆሰለው ተረከዟ እንዳይነካባት ነው ብዬ አሰብኩ። ግን ደህናው እግሯም እንደዚያው ነበር። ደህናውን እግሯን አንሥታ ስታሳርፈው አንዲት ጣውላ እንኳ አላወቀችም።

"ግድ የለም፣ አይዘልም" አልኳት። "በደንብ እርገጪ። እባክሽ።"

"እየረገጥኩ ነው አልኩህ እኮ።"

እውነቷን ነበር። እሷ የምታውቀው አረጋገጥ ይኸው ነው።

ሸክላው ግማሽ ሳይደርስ እጇን ከትከሻዬ አወረደችና ከዘራዋን አነሣች።

"አጥፋው በቃ" አለችኝ። "ነገ በጠዋት ነው የምንወጣው።"

አጠፋሁት።