አሥራ አንድ ቀን የተዘጋ በር

በመንደራችን ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማን ምን እንዳለ ከእኔ ብዕር አያመልጥም፤ ምላሴም ቢሆን አጭር አይደለም። ያን ዕለት ግን ሁለቱም ከዱኝ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ከሰፈራችን ሦስት ሰው ራሱን አጠፋ። ጤና ጣቢያው ነርሷን ልኮ «ከነዋሪው ጋር ሆናችሁ የመከላከያ እቅድ አውጡ» አለን። ሰብሳቢያችን እቴ፣ ነዋሪ የሚባል ነገር ምን ቸገረው! እቅዱን ብቻውን ጨርሶታል። አራት ገጽ፣ ማኅተም ብቻ የቀረው። ነዋሪው የተፈለገው ለጭብጨባ ነው።

ነርሷ የጥሪ ዝርዝሩን አይታ ወደ እኔ ዞረች። «ፋርማሲስቱ አለ፣ ርእሰ መምህሩ አለ፣ ሽማግሌዎቹም አሉ። ሞክሮ የተረፈ ሰውስ? የምታውቂው የለም?»

«ኧረ እኔ ከየት አውቄ! እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም» አልኳት።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። ከአራት ወር በፊት ታናሽ ወንድሜ፣ ጫማ ሰፊው፣ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሐኪም ቤት ሳስታምመው ለጠየቀኝ ሁሉ «ጨጓራው ተነሥቶበት ነው» እል ነበር። እሱንም «እንዲህ በል» ብዬ እንደ ተማሪ አስጠንቼዋለሁ። የሰው አፍ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ተሰበሰብን። ሰብሳቢው «በየግድግዳው ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ወጣቱን መምከር» እያለ ሲያነብ፣ በሩ ተከፍቶ ወንድሜ ገባ። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። ለካስ ነርሷ ጥሪውን ከእሱ ሱቅ አጠገብ ለጥፋው ኖሯል። እኔ ሆዬ፣ ብዕሬ ከእጄ ወደቀ።

«አንተ! ጨጓራህ እንዴት ሆነልህ?» አለ ሰብሳቢው እየሳቀ።

«ጨጓራ አልነበረም» አለ ወንድሜ። «ራሴን ላጠፋ ነበር።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እኅትህ ግን...»

«እኔ ነኝ እንደዚያ በይ ያልኳት» አለ ወንድሜ ፈጠን ብሎ።

ዋሸልኝ። ከሞት የተመለሰው እሱ፣ እኔን ከሐሜት ሊያድን ዋሸልኝ። እኔም አፌን ዘግቼ ጻፍኩት።

«እቅዱ ክፉ አይደለም» አለ ወንድሜ። «ያኔ ግን ማስታወቂያ የማነብበት ዐቅም አልነበረኝም። ሱቄን አሥራ አንድ ቀን ዘግቼ ከጀርባው ክፍል ተኝቼ ነበር። በየቀኑ ይንኳኳል። 'ጫማዬ ደረሰ ወይ?' ነው የሚሉኝ። ዝም ስል ይሄዳሉ። አንድ ሰው እንዲያውም በትርፍ ቁልፍ ገብቶ፣ ጫማውን ሁሉ ለየባለቤቱ አድሎ፣ መልሶ ቆልፎ ሄደ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ። ቢጠራኝ አቤት እል ነበር።»

ፋርማሲስቱ ጎንበስ ብሎ የገዛ ጫማውን አየ።

ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። የደንበኞቹ ስሞታ ሰልችቶኝ፣ «ይሄ ሰነፍ» እያልኩ ነበር ጫማውን ያደልኩት። መጋረጃውን ለመግለጥ ሦስት እርምጃ አይሞላም ነበር።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አለች ነርሷ።

«ሱቅ ሳይከፈት ከዋለ ጎረቤት ያንኳኳ። ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ሰውየው ይጠይቅ። ነገሩ ካስፈራው አጠገቡ ሆኖ ለአንቺ ይደውል።»

ሰብሳቢው አራቱን ገጽ አጥፎ ኪሱ ከተተ። የወንድሜ ሐሳብ በአንድ ድምፅ አለፈ፤ ቃለ ጉባኤውን እንዳነብ ታዘዝኩ። «አንድ ሰው በትርፍ ቁልፍ ገብቶ» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። እሱም «ተይው» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«አንድ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «ጨጓራ ያልኩትም እኔ ነኝ። እሱ እንዲህ በይ አላለኝም።»

ሰርዤ «እኅቱ» ብዬ ጻፍኩ። ስርዙ እስከ ዛሬ መዝገቡ ላይ ይታያል። አይዞሽ ያለኝ አልነበረም፤ ባይሉኝም አልፈርድባቸውም።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሳልፍ ሱቁ አልተከፈተም። ትርፍ ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አልነካሁትም። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የማን ጫማ ነው?»

«የማንም አይደለም። አንተን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እንዴት አደርክ?»

መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማሁ።

«ደህና አላደርኩም፣ እትዬ» አለኝ። «ግቢ።»