ካባ ቁጥር አስራ ሰባት

ጥፋቱ የኔ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ይህን አፉን ሞልቶ የተናገረ ሰው እስካሁን ስለሌለ፣ እኔ ልጀምረው ብዬ ነው።

ሥራዬ ድንጋይ መፈለግ ነው። ባህሩ በየዓመቱ ወደ ከተማው እየገፋ ስለሚመጣ፣ ለመከላከያ ግድብ የሚሆን፣ ማዕበል የማይነቀንቀው ትልልቅ ድንጋይ ከየትኛው ካባ እንደሚወጣ በካርታ ላይ ማስፈር የኛ ክፍል ኃላፊነት ነው። ይህ ሥራ በወጉ ሲሠራ መስክ ወጥተህ፣ ድንጋዩን በመዶሻ መትተህ፣ ስንጥቁን ለክተህ ነው። የኛ መኪና ግን ጎማ ከተጠየቀላት ሁለት ዓመቷ ነው። ስለዚህ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ እያጎላን፣ ወንበራችን ላይ ተደላድለን ካርታውን ሠራነው።

አስራ ስድስት ካባ አገኘሁ። የክፍሉ ኃላፊ ግን ዕቅዱ ላይ አስራ ሰባት ብለው ጽፈዋል።

"አንድ ጎደለ" አሉኝ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

"ጌታዬ፣ ያለው ይኸው ነው።"

"ፈልግ እንጂ! ተፈጥሮ ከዕቅዳችን በታች አትፈጽምም።"

ፈለግሁ። ከሥራ መውጫ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ባህሩ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ረጅም ጥቁር ክምር ታየኝ። ድንጋዩ ትልልቅ ነው፤ መጠኑ እኩል በእኩል፤ መንገድም አጠገቡ ድረስ ገብቶለታል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። "ጥራት፦ እጅግ በጣም ጥሩ። ዝግጁነት፦ ተፈልጦ ያለቀ" ብዬ ቅጹን ሞላሁና ፈረምኩ። ኃላፊው ማህተማቸውን አሳረፉበት። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ካባ ቁጥር አስራ ሰባት ለብቻው ተጨበጨበለት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አክስቴ ደወለች። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ቤቷ ከድሮው የማዕበል መከላከያ ግድብ ኋላ፣ ባህሩ አፍንጫ ሥር ነው። ሰላምታ የማታሳጥር ሴት ያን ቀን እንደምን አደርክም አላለችኝ።

"አንተ፣ ድንጋዩን እየወሰዱት ነው!"

"የቱን ድንጋይ?"

"የቱን ይለኛል እንዴ! ግድቡን ነዋ! ገልባጭ መኪና ተሰልፎ ይጭናል። ለምንድን ነው ብላቸው፣ ለጎርፍ መከላከያ ነው አሉኝ።"

ካርታውን ከፈትኩ። ካባ ቁጥር አስራ ሰባት እሱ ራሱ ነው። ልጅ ሆኜ እየዘለልኩ ጉልበቴን የላጥኩበትን ግድብ፣ ከላይ ሳየው አላወቅሁትም።

በዚያች ደቂቃ ወደ አክስቴ መሮጥ ነበረብኝ። እኔ ግን የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ፤ ወደ ኃላፊዬ ሮጥኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። አራት ቀን በራቸው ላይ ተገተርኩ። አክስቴ በየቀኑ ትደውላለች፤ ዛሬ ጎረቤት ጋ ደረሱ፣ ዛሬ አጥሬ ጋ ደረሱ ትለኛለች። በአምስተኛው ቀን ገባሁ።

"ጌታዬ፣ ቁጥር አስራ ሰባት ካባ አይደለም፤ ግድብ ነው። ግድብ አፍርሰን ግድብ እየሠራን ነው!"

"አዲሱ የት ነው የሚሠራው?"

"የመሥሪያ ቤታችን መዝናኛ ክበብ ፊት ለፊት።"

አሰብ አደረጉ። "እንግዲያው አልፈረሰም። ቦታ ቀየረ እንጂ።"

"አክስቴ ከኋላው ትኖራለች!"

ያዘኑልኝ መሰለኝ፤ መመሪያውን ከመሳቢያ አወጡ። "የጸደቀ ካባ የሚሰረዘው በኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ደግሞ ከሁለት ወር በፊት አይሰበሰብም። እስከዚያ ሥራ የሚቆመው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው።" ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስኬዱ። "'በድንጋዩ ላይ ሰፍሮ የሚኖር ሰው ሲገኝ።'"

መመሪያውን ከእጃቸው ነጥቄ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ስደርስ ግድቡ የለም። ውሃው የአክስቴን አጥር እግር እያራሰ ይመለሳል። እሷ ጃንጥላዋን ዘርግታ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ድንጋዩን እያነሳ የሚጭነው የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃታል።

"እባክህ እኚህን እናት አስነሳልኝ፤ ወረቀቴ ሕጋዊ ነው" ብሎ ካርታውን ከነቅጹ ዘረጋልኝ።

አክስቴ አንገቷን አስግጋ አየችው። ፊርማዬን ከተማሪ ቤት ጀምሮ ታውቃታለች።

"ይቺ ያንተ አይደለችም?"

"የኔ ናት" አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ፤ አልሰደበችኝም። ያ ባሰብኝ።

መመሪያውን ለኦፕሬተሩ አነበብኩለት። ሰውየው ወደ አክስቴ ዞረ።

"እማማ፣ እዚህ ነው የሚኖሩት?"

"ከዛሬ ጀምሮ" አለችው።

ሞተሩን አጠፋና ራሱን አከከ። "እሺ፣ የተቀመጡበትን አልነካም። ያኛውንስ?"

አጠገቧ ያለውን ድንጋይ ነበር የጠቆመው። ከዚያ ሁሉ ግድብ የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ይገትርሃል?" አለችኝ። "ውጣና ቁጭ በላ፤ ሁለት እናትርፍ።"